ሙዚቃ በመንግሥት ትምህርት ቤት፦ የወሎ ወላጆችና መምህራን ደጋግመው የሚጠይቁን

እነዚህ ጥያቄዎች በወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ስብሰባ፣ በወላጆች ቀንና በመምህራን ማረፊያ ክፍል ዓመት ከዓመት የሚነሱ ናቸው፤ የምመልሰው ደሴ አካባቢ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር ካየሁት ተነሥቼ ነው።

ለመሆኑ ሙዚቃ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይሰጣል እንዴ?

አዎ፣ ይሰጣል፤ ቢያንስ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ አለ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «ክወናና ዕይታዊ ጥበባት» የሚባለው ትምህርት ሙዚቃን፣ ውዝዋዜን፣ ድራማንና ሥዕልን አንድ ላይ ይዞ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ይዘልቃል። «ልጄን ሙዚቃ አስተምሩልኝ ማን አላችሁ?» ለሚሉ ወላጆች መልሱ ይኼው ነው፤ መምህሩ በገዛ ፈቃዱ ያመጣው ነገር አይደለም፣ እንደ ሒሳብ ሁሉ ልጁ ሊማረው የተደነገገ ትምህርት ነው።

ችግሩ ሌላ ጋ ነው። አራት ነገር በአንድ ክፍለ ጊዜ ሲታጨቅ መምህሩ የሚቀለውን ይመርጣል፤ የሚቀለው ደግሞ ሥዕል ነው። ደብተርና እርሳስ አለ፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለው መምህር አይረበሽም። ስለዚህ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ቤትና ዛፍ ሲሥሉ ይከርማሉ። ልጅዎ ሙዚቃ ይማር አይማር ለማወቅ ደብተሩን ማገላበጥ አያስፈልግም፤ «እስቲ ዘንድሮ የተማርከውን ዜማ አሰማኝ» ይበሉት። ዝም ካለ መልሱን አገኙ።

ልጄ እቤት ቀኑን ሙሉ ዘፈን ሲሰማ ነው የሚውለው። ትምህርት ቤት ምን ይጨምርለታል?

መስማትና ማድረግ ለየቅል ናቸው። ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ልጆችን ልብ ብለው ያስተውሉ። አውራጁ ሲያወርድ ተቀባዮቹ ይጠብቃሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ሁሉም እኩል ይገባሉ፤ ዱላው መሬት የሚመታው በዘፈቀደ አይደለም። ያ ልጅ መቼ ዝም እንደሚባል፣ መቼ እንደሚገባ፣ የራሱን ድምፅ ከጓደኛው ድምፅ ጋር እንዴት እንደሚያስማማ በአካሉ ተምሯል። ነሐሴ 16 ሲገባ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል የሚጫወቱት ልጃገረዶችም እንዲሁ ናቸው። ስልክ የሚያዳምጥ ልጅ ግን ይሰማል እንጂ ማንም አይጠብቀውም፣ እሱም ማንንም አይጠብቅም።

ድሮ ይህን ትምህርት ሰፈሩ ይሰጥ ነበር። አሁን ከተማ ውስጥ ያደገ ብዙ ልጅ ሆያ ሆዬን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው። ትምህርት ቤት ሰፈሩ የተወውን ይረከባል፤ ከዚያም ሰፈሩ የማይሰጠውን ይጨምራል። የሰማኸው ምት ስንት ነው? ዜማው የት ላይ ወጣ፣ የት ላይ ወረደ? የተሳሳትክበትን ቦታ መልሰህ አቃና። በደመ ነፍስ ያውቅ የነበረውን ነገር ስም ይሰጠዋል።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ለሕፃን አይከብዱም?

አይከብዱም። የወሎ ልጅ እነዚህን ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸውን የድምፅ አደራደሮች፣ ጡት ሲጠባ ጀምሮ ሰምቷቸዋል፤ የጎደለው ስማቸውን ማወቅ ብቻ ነው። ባቲ የሚለው ስም ከደሴ በምሥራቅ ወደ አፋር መውረጃ ላይ ካለችው፣ በሰኞ ገበያዋ ከምትታወቀው ከተማ ጋር አንድ ነው። አምባሰል ደግሞ ከሐይቅ አለፍ ስንል የምናየው ተራራና ወረዳ ነው። አምባሰልን በማሪቱ ለገሠ ድምፅ ያልሰማ ወሎዬም ጥቂት ነው። ይሁንና 7ኛ ክፍል ገብቼ «ይህ የምትሰሙት ምን ቅኝት ነው?» ስል የሚመልስልኝ ልጅ አጥቼ አውቃለሁ። የገዛ አገሩን ስም ይዞ ዓለም የዞረ ቅኝት ልጁ በስሙ አያውቀውም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እኔ የማስተምረው በቁጥር ነው። ከታችኛዋ ዶ እስከ ላይኛዋ ዶ 12 ግማሽ ርምጃ አለ፤ ግማሽ ርምጃ ማለት ኦርጋን ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው። ቅኝቶቻችን ሁሉም አምስት ድምፅ ብቻ ስላላቸው 12ቱን ርምጃ በአምስት ዝላይ ይጨርሱታል፤ የሚለያዩት በዝላዩ ስፋት ነው። ሙሉው ትዝታ 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3 ይራመዳል። ሙሉው ባቲ 4፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1 ነው። አምባሰል 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4፤ አንቺሆዬ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3። ሰሌዳ ላይ እጽፍላቸውና «ደምሩ» እላለሁ። አራቱም 12 ሲመጡ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ አንድ ቀን መጥታችሁ ብትሰሙት! ከዚያ በኋላ መሬት ላይ በጠመኔ 12 መስመር አሰምርና እየዘመሩ እንዲዘሉ አደርጋለሁ። ባቲ የመጀመሪያው ዝላዩ ሰፊ ነው፣ ትንንሾቹ ሊወድቁ ይደርሳሉ፤ አምባሰል የመጀመሪያው ዝላዩ ጠባብ ነው፣ እግራቸውን ጎትተው ነው የሚሻገሩት። የባቲና የአምባሰል ልዩነት ከዚያ ወዲያ አይጠፋባቸውም።

ለጥንቃቄ አንድ ነገር ልጨምር። ክራር የሚደረድር ወይም መሰንቆ የሚመታ የሀገር ባለሙያ ድምፁን ከኦርጋን ቁልፍ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ቁጥሩ በር መክፈቻ ነው፤ እዚያው ላይ ቆሞ መቅረት አይገባም። ልጆቹ ቁጥሩን ከያዙ በኋላ እውነተኛ ተጫዋች ይስሙ።

ሙዚቃ የተማረ ልጅ በሒሳብ ይጎብዛል የሚባለው እውነት ነው?

«ይጎብዛል» ብል ወላጅን ማሳመን ይቀለኝ ነበር። ግን በተጋነነ ነገር ላይ የቆመ ክርክር አንድ ቀን ይፈርስና ትምህርቱን ይዞት ይወድቃል። የሞዛርትን ሙዚቃ የሰማ ልጅ አእምሮው ይሰላል የሚባለው ወሬ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት ነው። የተጠኑት ሕፃናት አልነበሩም፣ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ፤ የታየው ለውጥም ደቂቃዎች ቆይቶ የጠፋ ነበር። የቀረውን የጨመረው ገበያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ግሌን ሼለንበርግ የተባሉ ተመራማሪ ካናዳ ውስጥ 144 የስድስት ዓመት ልጆችን ከፋፍለው ሲያጠኑ፣ ሙዚቃ የተማሩት ልጆች በአእምሮ ፈተና ከሌሎቹ በጥቂቱ በልጠው ተገኙ። ልዩነቱ ግን ትንሽ ነበር፤ በኋላ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ሰዎች ደግሞ ትንሹም ልዩነት ጥናቱ በጥንቃቄ በተሠራ ቁጥር እየሳሳ እንደሚሄድ አሳይተዋል።

ለንባብ ግን በገዛ ቋንቋችን በዓይኔ ያየሁት ነገር አለ። አማርኛ ፊደሉ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ «ገና አልመጣም» ነው። «ዋና» ሲጠብቅ ዋናው ሰው፣ ሲላላ ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው። ልጁ ይህን የሚለየው በጆሮው ነው። የ2ኛ ክፍል ልጆች ቃሉን በጭብጨባ እንዲከፋፍሉት ሳደርግ፣ የሚጠብቀው ላይ እጃቸው ትንሽ ሲዘገይ አያለሁ። ምት የያዘ ጆሮ ቃልንም ይይዛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሙዚቃ በራሱ መቆም የሚችል ትምህርት ነው። የታሪክ መምህርን «ታሪክ ለሒሳብ ምን ይጠቅማል?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

መሣሪያ በሌለበት ምን ተብሎ ይማራል?

የመጀመሪያው መሣሪያ ጉሮሮ ነው፣ ሁለተኛው መዳፍ፣ ሦስተኛው ዴስክ። ሀንጋሪያዊው የሙዚቃ ሰው ዞልታን ኮዳይ የአገሩን ልጆች ሙዚቃ ማስተማር የሚፈልገው ከድምፅ ጀምሮ፣ ያውም ከልጁ እናት ቋንቋ የሕዝብ ዜማ ተነሥቶ ነበር። ፒያኖ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ይህ ሐሳብ ወሎ ላይ ያለ ወጪ ይሠራል።

ከዚያ አለፍ ሲል የወዳደቀ ዕቃ አለ። አንድ ጊዜ ለ5ኛ ክፍል አምስት የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ደርድሬ ባቲን ልቃኝ ሞከርኩ። ጠርሙሱን በእርሳስ ስትመታው ውሃው በበዛ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል፤ ባነሰ ቁጥር ይቀጥናል። አምስቱንም አስተካክዬ ጨረስኩ ብዬ ስመታ አንዲት ልጅ ከኋላ ተነሣችና «ቲቸር፣ ሁለተኛዋ ገና ናት» አለችኝ። አልሰማሁትም ነበር። መጥታ ጠርሙሱን አነሣች፣ አንድ ጉንጭ ጠጣችለት፣ መለሰችው፣ መታችው። ልክ ሆነ! ክፍሉ በሙሉ አወቀው። ቀጥሎ ሌላው ልጅ ያንኑ ጠርሙስ በአፉ ሲነፋው ነገሩ ተገለበጠ፤ ሲነፋ ደግሞ ውሃው በበዛ ቁጥር የሚቀጥነው ድምፅ ነው። ስንመታ የሚንቀጠቀጠው ጠርሙሱና ውሃው፣ ስንነፋ የሚንቀጠቀጠው ከውሃው በላይ ያለው አየር መሆኑን ራሳቸው እስኪደርሱበት ሁለት ቀን ተከራከሩ። ያን ቀን ሳይንስና ሙዚቃ የት ላይ እንደተለያዩ እኔም አላውቅም።

ክራርም ይሠራል። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ለገበቴ፣ ሁለት ቀጥ ያለ እንጨት ለምሰሶ፣ አንድ አግዳሚ ለቀንበር፤ ለአውታሩ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት ናይለን ይበቃል። ቀንበሩ ላይ ናይለኑን ከጨርቅ ጋር ጠምጥሞ ማዞር ነው፤ ጨርቁ ካልያዘው ይንሸራተታል። ድምፁ የእንጨት ክራርን አያህልም፣ ግን ይቃኛል። ለዋሽንት ሸምበቆና በእሳት የጋለ ሚስማር ይበቃል፤ አራት ቀዳዳ ነው። ሚስማሩን ግን አዋቂ ይያዘው።

መምህሩ ራሱ ሙዚቃ ካልተማረስ?

አብዛኞቻችን አልተማርንም። እኔ የሠለጠንኩት በአማርኛ ነው፤ ክፍለ ጊዜው የተሰጠኝ ሰው ስለጠፋ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት መጽሐፉን እያነበብኩ አስገለብጥ ነበር፤ ልጆቹ «ሙዚቃ ማለት» ብለው ትርጉም ጻፉ፣ ያንን ትርጉም ፈተንኳቸው። ዛሬ ሳስበው ዋና የሚያስተምር ሰው ልጆቹን ወንዝ ዳር አስቀምጦ ስለ ውሃ ማስታወሻ እንደማስጻፍ ነው።

መውጫውን ያገኘሁት ከሰፈር ነው። የተማሪ አያት ክራር ይደረድራሉ፣ የጥበቃው ሠራተኛ ዋሽንት ይነፋሉ፣ የአንዷ ልጅ እናት በሠርግ ሁሉ ዘፈን አውራጅ ናቸው። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዶ በሴሚስተር ሁለት ጊዜ አንድ ባለሙያ ክፍል ማስገባት ይቻላል። መምህሩ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ ይማራል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ልምምዱን እሱ ይመራል። በተረፈ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች መምህራን በሚሰበሰቡበት ጉድኝት ማዕከል ላይ ስንገናኝ ስለ ዕቅድ አሞላል ብቻ ከምናወራ አንድ አንድ ዜማ ብንለዋወጥ ብዙ ነገር ይቀልልናል።

ድምፅ የሌለው ልጅ ምን ያድርግ?

ይዘምር። ድምፁ የጠፋ የመሰለው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ መዝሙሩ የተጀመረው ለእሱ ከፍ ብሎበት ነው። ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩለት። «አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» የሚል መምህር ካለ ግን እለምነዋለሁ፤ ያቺን ቃል ልጁ እስኪሸብት አይረሳትም።

ልጄን አዝማሪ ልታደርጉብኝ ነው?

ይህን ጥያቄ በቁጣም በጭንቀትም ሰምቼዋለሁ። ሒሳብ የተማረ ሁሉ የሒሳብ ሠራተኛ አልሆነም፣ ሙዚቃ የተማረም ሁሉ መድረክ አይወጣም። ይህ ቀላሉ መልስ ነው።

ከባዱ መልስ ግን ጥያቄው ውስጥ ያለውን ንቀት ይመለከታል። ሠርጋችንን ያደመቀልን፣ ሐዘናችንን በግጥም የነገረልን፣ ባለሥልጣኑን በሰምና ወርቅ የነካልን አዝማሪ ነው። ቀን ጠርተነው ማታ ስሙን ስድብ አደረግነው። ክፍሌ ውስጥ የአዝማሪ ልጅ ነበረ፤ አባቱ ምን እንደሚሠሩ ሲጠየቅ «ገበሬ» ይል ነበር። መሰንቆ የተማርንበት ሳምንት ግን እጁን አወጣና ጭራው ከምን እንደሚሠራ፣ ለምን ሙጫ እንደሚቀባ፣ ጣት አውታሩ ላይ የት ሲያርፍ ድምፁ እንደሚቀጥን አስረዳን። አንድ አውታር ብቻ ካለው መሣሪያ ያ ሁሉ ዜማ እንዴት እንደሚወጣ ያስረዳን እሱ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አባቱ ሲጠየቅ «ገበሬ» ሲል አልሰማሁትም።

ተሰጥኦ ኖሮት መግፋት ለሚፈልግ ልጅም መንገድ አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሙዚቃን በዲግሪ ያስተምራል። እዚያ ለመድረስ ግን ልጁ መጀመሪያ ችሎታ እንዳለው ማወቅ አለበት። የግል አስተማሪ መቅጠር የማይችል ቤተሰብ ልጅ ይህን የሚያውቀው የት ነው? የመንግሥት ትምህርት ቤት ካላሳየው ማንም አያሳየውም።

ዴስክ እንኳ በሌለበት ትምህርት ቤት ሙዚቃ ቅንጦት አይሆንም?

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወሎ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል። ከዚያ በኋላ ልጆች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲማሩ አይቻለሁ፤ እና ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። መጽሐፉም ዴስኩም ይቅደም፤ በዚህ አልከራከርም።

ግን ወደ ክፍል የተመለስንበትን የመጀመሪያ ሳምንት ልንገራችሁ። በር ገጭ ሲል የሚደነግጡ ልጆች ነበሩ። ስም ስጠራ «አቤት» የሚሉት በሹክሹክታ ነው። ፊደል አስጽፌ አልሆነ፣ ንባብ ሞክሬ አልሆነ። አንድ ጠዋት በአራት ምት ጭብጨባ ጀመርኩ፤ እኔ አራት፣ እነሱ አራት። ቀስ ብለን ድምፅ ጨመርንበት፤ ረዥም ትንፋሽ የሚፈልግ፣ ቃል የሌለው እንጉርጉሮ። ሦስተኛው ቀን ላይ የስም ጥሪው ከመንገድ ይሰማ ነበር። ሙዚቃ ሐኪም ነው አልልም፤ ሐኪም የሚያስፈልገው ልጅ ነበር፣ አሁንም አለ። ግን ዴስክ፣ መጽሐፍና መስኮት በሌለበት ክፍል ያን ሳምንት በእጃችን የነበረው ይኼ ብቻ ነው፤ አንድ ብር አልጠየቀም።

በየትኛው ቋንቋ ይዘመር?

ክፍሉ ውስጥ ባሉት ሁሉ። ወሎ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛ፣ ወደ ቆላው ስንወርድ አፋርኛ እንሰማለን፤ የባቲን ገበያ አንድ ሰኞ የዋለ ሰው ያውቀዋል። ልጆች የጓደኛቸውን ቋንቋ ዜማ በቀላሉ ይይዛሉ። የመጀመሪያ ሥራቸው ቃሉን ከባለቤቱ ልጅ ተጠንቅቆ መማር ነው፤ ያኔ መምህሩ ተማሪ፣ ልጁ መምህር ይሆናል። ትርጉሙን ሳይጠይቁ መዘመር ግን ክልክል ነው።

ሃይማኖታችን ዘፈን አይፈቅድም። ልጄን ላስቀረው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ወላጅ ይመጣል። እኔ የሃይማኖት መምህር ስላልሆንኩ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን አልበይንም። የምችለው ክፍል ውስጥ ምን እንደምንሠራ በግልጽ ማሳየት ነው።

የምናስተምረው ጆሮን፣ ትንፋሽን፣ ምትንና በአንድነት መግባትን ነው። ይህ ደግሞ ለወሎ ቤተ እምነቶች እንግዳ ነገር አይደለም። እንደ ጀማ ንጉሥና ዳና ባሉ የሙስሊሙ መንፈሳዊ ቦታዎች ድቤ እየተመታ መንዙማ ሲባል፣ አውጪውና ተቀባዩ እንዴት እንደሚግባቡ ወላጁ ከእኔ በላይ ያውቃል። ላሊበላ ላይ በገና ዕለት ካህናቱ ከላይና ከታች ተሰልፈው ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሲንቀሳቀስ የሚታየው ለዓመታት የሠለጠነ ጆሮ ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ዓይነቶች ለይቶ ማወቅ በቃል የሚያዝ ከባድ ትምህርት ነው። ከዚህ ባህል የወጣ ልጅ ክፍል ውስጥ ምት ሲቆጥር ከቤቱ የራቀ አይመስለኝም።

በተግባር የምከተለው ይኼ ነው። የአንዱን እምነት መዝሙር ለክፍሉ ሁሉ ልምምድ አላደርግም። የፍቅር ዘፈን ለሕፃናት አልመርጥም፤ የሥራ፣ የጨዋታ፣ የእንቆቅልሽና የመከር ዜማ ሞልቷል። መሣሪያ የማይነካ ልጅ በድምፅና በጭብጨባ ይሳተፋል፤ መወዛወዝ የማትፈልግ ልጅ ምት ትቆጥራለች፤ ማንም አይገደድም፣ ማንም በዚህ ምክንያት ማርክ አይቀነስበትም። ልጁን ከማስቀረትዎ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ መጥተው ከኋላ ይቀመጡ። የመጡ ወላጆች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ተስማምተው ሄዱ፣ አንዱ አባት ግን አይተውም አልተስማሙም፤ ልጃቸው በዚያ ሰዓት ሥዕሉን ይሠራ ነበር። እንዲህም ሆኖ አብረን ዘለቅን።

ውጤት እንዴት ይሰጣል? ድምፁ ያማረ ልጅ ብቻ ሊያልፍ ነው?

ማርክ ለድምፅ ማማር መስጠት ለቁመት ማርክ እንደ መስጠት ነው። የምመዝነው ልጁ ከራሱ ከትናንቱ ስንት ራቀ የሚለውን ነው። በመስከረም ምት ይዞ አራት ቆጥሮ መጨረስ ያልቻለ ልጅ በጥር ስምንት ከቆጠረ፣ ከዋነኛው ድምፃዊ እኩል ያገኛል። ሁለተኛ የምመዝነው ማዳመጡን ነው፦ ጓደኛው ሲዘምር ዝም ይላል? የት እንደሳተ ሳያሳፍረው ይነግረዋል? ሦስተኛ፣ ሁለት ቅኝት አሰምቼ ልዩነታቸውን በቃሉ እንዲናገር አደርጋለሁ። የጽሑፍ ፈተናው ከሁሉ አነስተኛውን ድርሻ ይይዛል።

ክልላዊ ፈተና ሲደርስ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ቢሰጥ ምን አለበት?

አንድ ዓመት ይህ ደርሶብኛል። ከጥር በኋላ የ8ኛ ክፍል የክወና ክፍለ ጊዜ በሙሉ ለማጠናከሪያ ተወሰደ። የጠየቀኝ ርዕሰ መምህር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከላይ ውጤት ይጠየቃል፣ እኔም ፈርሜ ሰጠሁ። ልጆቹ ከስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ወደ ሰባተኛ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ሲሸጋገሩ በመስኮት አይ ነበር። ግማሾቹ ዴስኩ ላይ ተደፍተው ነበር። የጀመርነው የአንቺሆዬ ልምምድ ሳይጠናቀቅ ቀረ፤ እነዚያ ልጆች ወደ 9ኛ ክፍል ሲሄዱ ሦስቱን ቅኝት ይዘው፣ አራተኛውን ጥለው ሄዱ። እስካሁን መንገድ ላይ ሳገኛቸው «ቲቸር፣ አራተኛዋን ሳንጨርስ» ይሉኛል።

የማጠናከሪያ ትምህርት ያስፈልጋል፤ ፈተናው የልጁን ቀጣይ መንገድ ይወስናል፣ ይህን አላቃልልም። የማልቀበለው ሁልጊዜ የሚቆረጠው ያው አንድ ክፍለ ጊዜ መሆኑን ነው። ከዚያ ዓመት ወዲህ ጥያቄው ሲመጣ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ ማጠናከሪያው ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፣ የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ ባለበት ይቆይ፤ ሒሳቡን የሚያስጠና ሰው ከጠፋ ቅዳሜ እኔው እመጣለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርተናል። ጠመኔውን ይዤ የምገባው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ክፍልፋይ እናሠራለን፣ አራት ሰዓት ላይ ልጆቹ ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ማክሰኞ ደግሞ አንቺሆዬ ላይ እንገናኛለን።